«ቆላ ወርደህ ነበርን?» ስለ ካርድ ክፍል ጥያቄዎችና ስለ ፍርሃታችን

ባለፈው ዓመት አዲስ ገቢ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ከምዝገባው ሰልፍ ቀጥለን የቆምነው በክሊኒኩ ሰልፍ ነበር። ካርድ አወጣን፤ ተመዘንን፤ ቁመታችን ተለካ፤ ከዚያም በየተራችን በአንዲት ሲስተር ፊት ተቀምጠን ክንዳችንን ሰጠን። ከመካከላችን አንዱ በእግር ኳስ ሜዳ ሁለት ሰዓት ቢሮጥ የማይደክመው ሰው ሲሆን፣ የደም ግፊቱ ሲለካ 152 በ94 ሆነ። ሲስተሯ ብዙ አልተናገረችም፤ «ውጭ ተቀመጥና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለስ» ብቻ አለችው። ጓደኛችን ደጃፉ ላይ እንደ ተቀመጠ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የልብ በሽተኛ ሆነ፤ ትምህርቱን አቋረጠ፤ እናቱን አስለቀሰ፤ ኑዛዜም ሳያስብ አልቀረም። ደግነቱ የአገሩ ልጅ አግኝቶት በወሬ ያዘው። ተመልሶ ሲለካ 122 በ78 ሆነ።

ይህ ነገር በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ «የነጭ ጋዋን ግፊት» ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በሚላኖ ከተማ ጁዜፔ ማንቻ የተባሉ ሐኪምና የሥራ ጓደኞቻቸው በሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ግፊት በደም ሥር ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ሌት ተቀን ይመዘግቡ ነበር። በዚህም ጊዜ ሐኪሙ ወደ አልጋው ቀርቦ መለካት ሲጀምር፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 27 ያህል ከፍ ማለቱን አገኙ። ሕመምተኞቹ ሐኪሙን ለመፍራት አላሰቡም፤ ሰውነታቸው ግን ሳያስፈቅዳቸው ፈራ። ስለዚህ ግፊት የሚለካ ሰው አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ያህል ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ሳያወራ መቀመጥ አለበት። ሽንቱን ይዞ ወይም ቡናውን አሁን ጠጥቶ የመጣ እንደ ሆነም ቁጥሩ እውነተኛውን አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ «ግፊት አለብኝ» ብሎ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ የሚያለቅስ ተማሪ ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ነገር ግን እኛ ይህን ያነሣነው ስለ ግፊት ልንጽፍ አይደለም። ፍርሃት ደምን ብቻ ከፍ ሲያደርግ ሩብ ሰዓት ያስታግሠዋል። ምላስን ሲያስር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ለአንዲት ትንሽ ጥያቄ እውነቱን ባለመናገሩ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማስረዳት፣ አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ልንወርድ ነው።

መተማን በትምህርት ቤት የምናውቃት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ነው። ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣን ተማሪዎች ግን ከታሪክ መጽሐፉ በፊት በሌላ ስም እናውቃታለን፤ የሰሊጥ አገር ናት። ክረምት ሲገባ ከደጋውና ከወይና ደጋው የሚወርደው ጕልበተኛ በመቶ ሺህ ይቆጠራል። በሐምሌና በነሐሴ ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን ያርማል፤ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ሰሊጥ ያጭዳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ቢዘገይበት ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህም በእነዚያ ሳምንታት ባለእርሻው ሠራተኛውን፣ ሠራተኛውም ራሱን ያጣድፋል። ማታ የሚተኛው በእርሻው ዳር በሣር ዳስ ውስጥ ወይም በግራርና በበደኖ ዛፍ ሥር ነው። ከእኛም መካከል ለትምህርት ቤት ልብስና ደብተር ሲል የወረደ አለ።

እንግዲህ ይህ ሰው ታመመ እንበል። ከእርሻው ወደ ገንዳ ውኃ ወይም ወደ መተማ ዮሐንስ በትራክተር ተሳፍሮ መጥቶ በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ይቆማል። «ስም? የአባት ስም? ዕድሜ? ወረዳ? ቀበሌ?» ወረዳው ሁለት መቶና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቀበሌው የማይታወቅ ነው። ሠራተኛው መስኮቱ ላይ ተንተባተበ ብለን ስንስቅበት ምን ይዞ እንደ ቆመ ልብ አንልም። የዛሬው ቀን ደመወዙ ቀርቶበታል። በአገራችን ሆስፒታል የተኛን ሰው ምግብ የሚያቀርብለት፣ ልብሱን የሚያጥብለትና መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣለት አስታማሚው ነው፤ እርሱ ግን አስታማሚ የለውም፤ ወንድሙም ከሆነ እርሻ ላይ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ደም ሲቀዳ ምን እንደሚገኝበት አያውቅም። ቆላ ወርዶ የሚሠራ ወጣት በመንደሩ ሰዎች ዘንድ ምን እንደሚጠረጠር እርሱም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ይህ ፍርሃት ድንቁርና ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ አይመስለንም። ሒሳቡን ያሰላ ሰው ፍርሃት ነው፤ የጐደለው አንድ ነገር ቢኖር የሚጠየቀው ለምን እንደሚጠየቅ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ ባንድ እንመልከታቸው።

በቆላ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚመረመረው ስለ ወባ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ወባ ፈጥና ትገድላለች፤ ምርመራውም ከጣት በምትወጣ አንዲት የደም ጠብታ ያልቃል። በጎንደር አካባቢ ሕክምናና ትኩሳት የቆየ ዝምድና አላቸው፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር። ነገር ግን በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በሑመራ ሌላ ትኩሳት አለ፤ ስሙ ካላዛር ይባላል።

ቃሉ የመጣው ከሕንድ ሲሆን ትርጓሜው «ጥቁር በሽታ» እንደ ማለት ነው። በዓይን የማትታየውን የበሽታውን ተውሳክ ለይተው ያሳወቁት ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ቆላ ተውሳኳን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ ከአሸዋ ጋር ቢያያዝም በመተማ የምትኖረው በጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራርና በበደኖ ሥር ነው። ከቢምቢ እጅግ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ የምትነክሰውም ሌሊት ነው። ሠራተኛው የት እንደሚተኛ ከላይ ተናግረናል። የተነከሰ ሁሉ አይታመምም። በሽታው የጸናበት ሰው ግን ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል፤ በግራ ጎኑ ያለው ጣፊያው ያብጣል። ሳይታከም የቀረ ከመቶ ዘጠና አምስቱ በላይ ይሞታል።

አሁን ጥያቄዎቹ ይገባሉ። «ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ነው?» ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፣ የወባ ምርመራውም ምንም ያላሳየ እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ እጁን ወደ ጣፊያ ይሰዳል። ሥራ እንዳይቀርበት ወይም ቸልተኛ እንዳይባል ሲል «ትናንት ነው የጀመረኝ» የሚል ሰው ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ በር ይመራዋል።

«ቆላ ወርደህ ነበርን?» ይህች ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች፤ በተለይም መተማ ላይ ሳይሆን በደጋው ስትጠየቅ። ወባ ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በወር ውስጥ ይገለጣል። ካላዛር ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይደበቃል። በመስከረም የተነከሰው ልጅ ሰሊጡን አጭዶ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ አገሩ ከገባ በኋላ በታኅሣሥ ወይም በየካቲት ይታመማል። በዚያ ጊዜ የሚያየው ሐኪም ሰሊጥ በዓይኑ ዓይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው ካልነገረው ከየት ያውቀዋል? ከሱዳን የተመለሰም እንዲሁ ነው፤ የገዳሪፍ አገር ከዚህኛው ወገን የማይሻል የካላዛር ምድር ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛና ተመላሽ ብዙ ነው፤ ካርዱም መድኃኒቱም ካርቱም የቀረበት ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ለአዲሱ ሐኪም የሚያሳየው ወረቀት የለውም፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው።

ጥያቄዋ ሳትጠየቅ ወይም ሳትመለስ ስትቀር ምን እንደሚሆን በሊቦ ከምከም ታይቷል። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች፣ ማለት ካላዛር ይኖርበታል ተብሎ በማይታሰብ ደጋማ አገር፣ ሰዎች በትኩሳት ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች በደማቸው ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ በብዙዎች ይታመናል። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፍቶ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ከ2,400 የሚበልጡ ሕመምተኞች ታክመዋል። ከዚያ በፊት ስማቸው በማንም ካርድ ላይ ሳይጻፍ የሞቱትን የቆጠራቸው የለም።

«ከዚህ በፊት ካላዛር ታመህ ታውቃለህን?» ይህችኛዋ ዋዛ ትመስላለች። ከጣት ደም ተወስዶ በትንሽ ወረቀት የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ራሷን ተውሳኳን ሳይሆን ሰውነታችን ከእርሷ ጋር ሲዋጋ ያበጀውን መከላከያ ነው። መከላከያው ከዳኑም በኋላ ለብዙ ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ሁለተኛ ትኩሳት ሲይዘው ወረቀቱ «አለ» ሊል ይችላል፤ በሽታው ተመልሶ ይሁን የድሮው ምልክት ይሁን አይለይም። ያን ጊዜ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ጣፊያን በመርፌ መውጋት የሚለው ነገር ብዙ ሰው ከካርድ ክፍል አስመልሷል። እውነቱን ለመናገር እኛም ስንሰማው ሆዳችንን ይዘናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አስቀድሞ ደሙ የሚረጋ መሆኑ ይመረመራል፤ መርፌው በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ከአንዲት ቅጽበት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ለሰዓታት ሳይነሣ እየተጠበቀ ይተኛል። አደጋው የደም መፍሰስ ነው፤ በሠለጠነ እጅ እጅግ ጥቂት ጊዜ ይደርሳል እንጂ የለም አይባልም። የለም ብሎ ከሚያባብል ሰው ይልቅ ይህን አስረድቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ሐኪም ይታመናል ብለን እናምናለን።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ነው። ሠራተኛው የፈራው ደረሰበት፤ ጠረጠሩኝ ብሎ ያስባል። ምክንያቱ ግን ስለ ጠባዩ መጠርጠር አይደለም። ለካላዛር ሲሠራበት የኖረው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን መወጋት ነው። ከሁለቱ አንደኛው መድኃኒት በልብና በቆሽት ላይ ይጠነክራል፤ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበትን ሰው ሊገድለው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን መድኃኒት ከሚዋጥ እንክብል ጋር አጣምሮ መስጠትን መክሯል። ዕድሜና እርግዝና የሚጠየቁትም ስለዚሁ ነው፤ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር መርፌው አይመረጥም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ የመገናኘታቸው ነገር በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ስለሆነ፣ ምርመራው ሳይደረግ መርፌ መጀመር በጨለማ መንገድ እንደ መሄድ ነው። ሆኖም ምርመራው በፈቃድ ነው፤ ውጤቱም የሕመምተኛው ነው። ባለእርሻው አይነገረውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አሠሪ ስለሚያስደርገው የጤና ምርመራ ሲደነግግ ኤች.አይ.ቪን ለይቶ አውጥቶታል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ከወረቀት ብቻ ተነሥተን አይደለም። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም አምና በኅዳር ከመተማ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ ትኩሳት ያዘው። በአገሩ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ካርድ አወጣ። «ቆላ ወርደህ ነበር?» ተብሎ ተጠየቀ፤ «አልወረድኩም» አለ። ሽማግሌ ተልኮ እጮኛ ተጠይቆለት ነበር፤ በካርድ ክፍሉ ወረፋ ላይ ደግሞ የልጅቱ አጎት ከኋላው ቆመው ነበር። የጠየቀው ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አላሰበም፤ በሩንም አልዘጋም። የወባ ኪኒን ተሰጠው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ የተሰጠው ኪኒን ሌላ፣ የተሰጠው መልስ ግን ያው ነበር። እናቱ ጸበል አስጠመቁት። ወንድሙ ለገና ዕረፍት ሄዶ ሲያየው ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል፤ ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል። ጎንደር ከደረሰ በኋላ አንዲት ያረጁ ሲስተር በሩን ዘግተው፣ «ልጄ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማህ፤ ሰሊጥ አጭደሃል?» አሉት። «አጭጃለሁ፣ ሲስተር» አለ። የጣት ደሙ ታየ፤ ካላዛር ሆነ። ኤች.አይ.ቪ. አልተገኘበትም። እርሱም ለአንድ ወር የሸሸው ነገር በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዳለቀ ነገረን፤ ሲነግረን ይስቅ ነበር፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በእኛ አስተያየት ውሸታም የለም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የተጠየቀበት ቦታ ግን ትክክል አልነበረም። የካርድ ክፍሉ መስኮት ስምና ቀበሌ የሚጠየቅበት እንጂ ቆላ መውረድና አለመውረድ የሚጠየቅበት መሆን የለበትም። በሕክምና ፋኩልቲ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነገ በአንድ ወረዳ ስትመደቡ በር መዝጋት ገንዘብ አይጠይቃችሁም። መስኮቱ ፊት የምንቆመው እኛም ብንሆን «ለብቻዬ ልናገር» ማለት እንችላለን፤ ይህ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

የዚያ ልጅ መርፌ በጥር ወር አለቀ። መድኃኒቱ በነጻ ነበር፤ አስታማሚው እናቱ ነበሩ። ሐኪሙ በሽታው ፈጽሞ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ጻፈለት። ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ሐምሌ ደግሞ የአረም ጊዜ ነው። እጮኛይቱ አልቀረችበትም፤ ሠርግ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። «መተማ ልታይ እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪሙም የታመመበትን ቀን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የምርመራውን ውጤት በአንድ ወረቀት ጽፎ ማኅተም አድርጎ ሰጠው። ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ወረደ። በዚህ ጊዜ በአዲስ የተነከረ አጎበር ከእኛ ተቀብሏል፤ ሌሊት ከግራር ሥር ርቆ እንደሚተኛም ነግሮናል። ሐምሌ 20 ቀን በካርድ ክፍሉ መስኮት ቆሞ ወረዳውን ሲጠየቅ በመጀመሪያ ያወጣው ያንን ላስቲክ ነበር።